የወንዝ ማዶው ሰውዬና የኒውትሮኑ ቤት

ጥቅምት 6

የጠዋት ክፍለ ጊዜ። ከሠላሳ ሁለት ተማሪ ሃያው መጣ፤ ከሃያው ስድስቱ ተኛ። ስለ ኒውትሮን እየተወራ እንዴት ይተኛል? ቤት ገብቼ ባሌን ጠየቅኩት።

«ስለ ኒውትሮን እየተወራ እንዴት አይተኛም?» አለ።

ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር... ዕድሜውን ሙሉ የሰው ክፍል እየገባ ሲተች ኖሮ አሁን የቀረሁለት እኔ ብቻ ነኝ።

ከሰዓት ዩኒቨርሲቲ ተመልሼ ምድር ቤት ወዳለው ቤተ ሙከራችን ወረድኩ። ቧንቧው እንደገና ያንጠባጥባል። ባልዲ አስቀመጥኩለት። የኒውትሮን ምንጫችን ውሃ ገንዳው ውስጥ ጸጥ ብላ ተቀምጣለች፤ አውራ ጣት የምታክል ካፕሱል። አብረን እያረጀን ነው። እሷ በየዓመቱ ምን ያህል እንደቀነሰች በመዝገብ ይያዝላታል። እኔ ደግሞ እየጨመርኩ ነው፤ የሚመዘግብ የለም፣ ሚዛን ላይም አልወጣም።

ጥቅምት 9

ሁለት ደብዳቤ በአንድ ቀን። ሲመጣ አብሮ ነው የሚመጣው።

አንደኛው ከጨረር መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት። ምድር ቤቱ አርጅቷል፤ ቧንቧው፣ በሩ፣ ሁሉም። እስከ ሰኔ መጨረሻ ታግሠውናል። ከዚያ ካፕሱሏ ትወሰዳለች፣ ክፍሉ ይታሸጋል። አዲስ ቦታ ካላገኘን በዚህ ክልል ኒውትሮን የሚባል ነገር ሰሌዳ ላይ ብቻ ይቀራል። የእኔም ሃያ ስድስት ዓመት እንደዚያው።

ሁለተኛው ከክልሉ ምክር ቤት። «ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ዓይነት ነገር በሁለት ወረቀት ጠይቃችኋል። ክልሉ ሁለት የኒውትሮን ምርምር ማዕከል የሚያቆም አቅም የለውም። አንድ የጋራ ሐሳብ ይዛችሁ ካልመጣችሁ አናይላችሁም።»

ሌላኛው ጠያቂ ወንዝ ማዶ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው። ወረቀቱን የጻፈውስ? ማን ይሆናል፣ እሱ ነዋ! የድሮ የክፍል ጓደኛዬ። እዚሁ ምድር ቤት ስምንት ዓመት አብረን ሠራን። ከዚያ ደህና ደመወዝ ጠራውና ወንዙን ተሻገረ። ይሻገር! አብረን ለምነን ያስገዛነውን የኒውትሮን ካሜራ ይዞ መሻገሩ ነው እንጂ። «በእኔ ስም ነው የተመዘገበው» አለ። ሳንነጋገር አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። ስሙንም ስለማልጠራ «ማዶ» ነው የምለው።

ስለዚህ እሱ ካሜራ አለው፣ ኒውትሮን የለውም። እኔ ኒውትሮን አለኝ፣ ካሜራ የለኝም። አንዱ ማንኪያውን፣ ሌላው ሾርባውን ይዞ... ሁለታችንም ጦማችንን።

ጥቅምት 10

ዲኑ ቢሮ። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነኝና ደብዳቤውን ይዤ ገባሁ። «በመርህ ደረጃ ትብብርን እንደግፋለን» አለ። በመርህ ደረጃ የማይደግፈው ነገር የለም። ለዚህ ነው ስሙን ትቼ «በመርህ ደረጃ» የምለው።

«ግን» አለ፣ «ሕንፃው የሚቆመው እኛ ግቢ ነው። ይሄ ለድርድር አይቀርብም።»

«እነሱም እንደዚሁ ቢሉስ?»

«ይበሉ! እኛ እንበልጣለን።»

በምን? አልጠየቅኩም። መልስ ካለው ስብሰባው ይረዝማል።

ጥቅምት 14

ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ቁጥሩን ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። በአራተኛው ባሌ ከኋላዬ መጥቶ ተጫነው።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ።»

«ኦ! ደህና ነዎት ፕሮፌሰር?»

ነዎት! ፈተና ላይ ከጎኔ ተቀምጦ ሲቀዳኝ የኖረ ሰው «ነዎት» አለኝ። እኔስ ማን ነኝና እሸነፋለሁ? «ደህና ነኝ፤ እርስዎስ እንዴት ከረሙ?» አልኩት።

ደብዳቤው ደርሶታል። እሱም ሊደውል ነበር። (ውሸቱን ነው።) ድልድዩ አጠገብ ያለው ሻይ ቤት እንገናኝ አለ፤ ለሁለታችንም እኩል ርቀት ነው። መለካቱን አልጠራጠርም።

«እንዴት ነው?» አለ ባሌ።

«አንቱ ተባባልን።»

«ጥሩ ነው። አንቱ የሚባባል ሰው አይሰዳደብም።»

ያን ሁሉ ዓመት ስብሰባ ተቀምጦ ይሄን ያምናል...

ኅዳር 2

ወፍሯል። ጸጉሩም ሸሽቷል። (እኔ መነጽር ነው የቀየርኩት፤ ሌላው እንዳለ ነው።)

ላፕቶፑን ከፈተ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ፦ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»። ከሥሩ የአንበሳ ፎቶ።

«አንበሳው ማነው?» አልኩት።

«ማለት?»

«የሚታሰረው። የምንለምነው ምክር ቤቱን ነው። አንበሳው እነሱ ከሆኑ ያስቀይማል።»

አሰበበት። አጠፋው። መጀመሪያ የተስማማነው በዚህ ነው፣ አንበሳ በመሰረዝ።

ከዚያ ሳይታወቀን ብዙ ተስማማን። ካፕሱል ሳይሆን ማሽን ይሁን። ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ኒውትሮን የሚያመነጭ፣ ሲያጠፉት የሚጠፋ። ከሁለቱ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሆስፒታል፣ ከፋብሪካ የመጣ ሁሉ ተራ ይዞ የሚሠራበት። እጁን እያወናጨፈ ሲያስረዳ የድሮውን ልጅ አየሁት። ደስ አለኝ መሰለኝ። አልነገርኩትም።

«የት ይቁም?» ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ሻያችንን አነሳን። ብርጭቆው ባዶ ነበር። ጠጣነው።

ኅዳር 19

ባሌ ፕሮፖዛሉን በቀይ እስክሪብቶ አነበበልኝ። አነበበልኝ ልበል፣ አረደልኝ?

«‹ሁለገብ› ዘጠኝ ጊዜ። ‹ፋይዳ› አሥራ አራት ጊዜ። ኒውትሮን ምን እንደሚሠራ ግን አንድም ጊዜ።»

«ሁሉም ያውቀዋላ!»

«እኔ አግብቼሽ ሃያ ሰባት ዓመቴ፤ አላውቀውም።»

ደነገጥኩ። ነግሬው አላውቅም? ሃያ ሰባት ዓመት በራት ላይ ስለ ምንድነው ያወራነው?

ቁጭ ብዬ ነገርኩት። ኤክስሬይ ጠጣሩን ያያል፤ አጥንትና ብረት። ለስላሳው አይታየውም። ኒውትሮን ግልባጩ ነው። ወፍራም ብረት እንደ መስኮት ያልፍና ውስጥ የተደበቀውን ውሃ፣ ዘይት፣ ጎማ ለይቶ ያያል።

«በቃ እሱን ጻፊ» አለና እስክሪብቶውን ከደነ።

ሠላሳ ገጽ የነበረው አሥራ ሦስት ሆነ። ማዶ ደወለ፤ «ገጾቹን ምን በላብን?»

«ባሌ» አልኩ።

ታኅሣሥ 8

የበጀት ኮሚቴው ፊት ቀረብን። ሰብሳቢዋ ምክር ቤት ከመግባቷ በፊት ሃያ ዓመት የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነበረች አሉ። ስትጨብጠኝ አመንኩ። እጄ እጇ ውስጥ ጠፋ።

ሩብ ሰዓት ተናገርን። ምንም አልጠየቀችም። ስንጨርስ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አንድ የብረት ቫልቭ አወጣችና ፊታችን አስቀመጠችው። ጠረጴዛው አቃሰተ።

«ይሄ የከተማው ውሃ ፓምፕ ላይ የነበረ ነው። ስድስት ገዛን፣ አራቱ ውሃ ወደ ኋላ ይለቃሉ። ግማሽ ከተማ ውሃ በፈረቃ ነው የሚያገኘው። ኤክስሬይ አስነሳሁት፣ ብረቱ ደህና ነው። ቆርጬ እንዳላየው ሻጮቹ ‹ስትቆርጪው ነው ያበላሸሽው› ይሉኛል። እናንተ ብረት አሳልፈን እናያለን አይደል የምትሉት?»

ማዶ ጉሮሮውን ጠረገ። «አዎ ክብርት ሰብሳቢ፣ አዲሱ ማሽን ሲተከል...»

«አዲሱ ሲተከልማ ማንም ያያል። አሁን ባላችሁ አሳዩኝ። ስለ አዲሱ ከዚያ እናወራለን።»

ደረጃው ላይ ቆመን ተያየን። ያለን ምንድነው? የእኔ ካፕሱልና የእሱ ካሜራ።

«ካሜራውን አመጣዋለሁ» አለ፣ ጫማውን እያየ።

«ትመልሰዋለህ ማለትህ ነው?»

አንተ አልኩት! አምልጦኝ።

«አመጣዋለሁ ነው ያልኩት።»

ታኅሣሥ 15

በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎት መጣ። ምድር ቤት ሲገባ ቆም ብሎ ዙሪያውን አየ። «ቧንቧው አሁንም?» አለ። አሁንም።

ቫልቩን መሃል አድርገን ካሜራውን ተከልን። ካፕሱሏ ደካማ ናት። ለአንድ ፎቶ አራት ቀን ትፈልጋለች። ሰርግ ብታነሳ ሙሽሮቹ ወልደው ይጨርሱ ነበር።

ታኅሣሥ 19

አራት ቀን ሞላ። ፎቶው ጨለማ። ከዳር እስከ ዳር ድቅድቅ!

«ምንጭሽ ሞቷል» አለ። (አንቺ አለኝ። ንዴት የማይሠራው ሥራ የለም።)

«ካሜራህ ነው የታወረው! አሥራ አንድ ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ዘግተህበት!»

ደረጃውን እየረገጠ ወጣ። ካሜራውን ግን አልወሰደም።

ታኅሣሥ 20

ጠዋት ብቻዬን ወረድኩ። ካፕሱሏና ቫልቩ መሃል የሰም ጡብ ተገትሯል። ለመከላከያ የማቆመው ጡብ። እኔው አቁሜው፣ እኔው የረሳሁት። ሰም ኒውትሮን አያሳልፍም። ይሄን በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ለተኙትም ጭምር።

«ሳልነግረው ባነሳውስ?» አልኩት ባሌን።

ጋዜጣውን ዝቅ እንኳ አላደረገም። «አንሺው። ከዚያ ንገሪው።»

ደወልኩ። «ጡብ ረስቼ ነው» አልኩ።

ሳቅ... እስኪያስለው ሳቀ። «የሰም ጡብ?! አንቺ?!»

ይበለኝ። ለቀሪ ዘመኑ የሚበቃ ስንቅ አስያዝኩት።

ታኅሣሥ 26

ታየ!

ደብዛዛ ነው። ጭጋግ ውስጥ የቆመች ላም ይመስላል። ግን ብረቱ እንደ መጋረጃ ሳስቶ፣ ከውስጡ የጎማው ቀለበት ጠቁሮ ይታያል። ዙሪያውን ክብ መሆን ሲገባው አንድ ቦታ ላይ ታጥፏል። ፋብሪካ ውስጥ ሲገጠም ነው የታጠፈው። በዚያች እጥፋት ነው ውሃው የሚያመልጠው።

ሰብሳቢዋን ጠራናት። ፎቶውን አየች። አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ።

«ይቺ ናት! ይቺ ናት ሌባዋ!»

ማዶ ማብራራት ጀመረ። ክንዱን ነካሁት፣ ዝም አለ። (ተአምር።)

«ለዚች ስንት ቀን ፈጀባችሁ?»

«አራት ቀን» አልኩ። «ከተበላሸው ጋር ስምንት።»

«በአዲሱ ማሽን ቢሆን?»

«ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ።»

ቫልቩን በአንድ እጇ አንስታ ወጣች። እኛ ለሁለት ነበር የምንሸከመው።

ጥር 21

የሕዝብ ውይይት፣ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ። ወንበር አልበቃም። አንድ አዛውንት ተነሡ። «ልጆቼ፣ ይሄ ነገር ይፈነዳል ወይ?»

ማይኩን ማዶ ወሰደው። ሃያ ደቂቃ! ስለ አቶም፣ ስለ ሰንሰለታዊ ምላሽ፣ የት የት ፈንድቶ እንደሚያውቅ፣ ይሄኛው ለምን ከዚያኛው እንደሚለይ... «ፈነዳ» የሚለውን ቃል ስቆጥር አሥራ ሰባት ደረስኩ። ከኋላ ያሉት ልጆቻቸውን ይዘው መውጣት ጀመሩ።

ማይኩን ነጠቅኩት። «አይፈነዳም አባቴ። እንደ አምፖል ነው፣ ሲያጠፉት ይጠፋል። ግድግዳው ደግሞ ከእኔ ቁመት ይወፍራል።»

«እንዲህ አትሉም እንዴ!» አሉና ተቀመጡ።

የፊት ወንበር ላይ የነበረች ሴት፣ «ታዲያ ያ ሁሉ ወሬ ምን ነበር?» አለች። ማዶ እስከ ጆሮው ቀላ። ስንወጣ ግን ባሌ ከአዛውንቱ ጋር ቆሞ ኒውትሮን እንዴት ብረት እንደሚያልፍ በእጁ ያሳያቸዋል። ደግሞ ልክ ነው!

የካቲት 11

የአፈር ምርመራው ሪፖርት መጣ። አመልካች ተብዬ የተመዘገብኩት እኔ ስለሆንኩ የደረሰው ለእኔና ለዲኑ ብቻ ነው። የሁለቱም ግቢ ተመርምሯል።

የእኛ ግቢ፦ ጥቁር አፈር። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ ከባድ ማሽን የሚቆምበት ወለል ፀጉር ታህል መንቀሳቀስ የለበትም። የእነሱ ግቢ፦ ዓለት።

ሁለቴ አነበብኩት። ዓለቱ ሁለቴም ዓለት ነው።

በመርህ ደረጃ ጠራኝ። «ሪፖርቱ በመርህ ደረጃ ገና ረቂቅ ነው። ረቂቅ ደግሞ ለኮሚቴ አይቀርብም።»

«የመጨረሻ ይላል እኮ፣ ሽፋኑ ላይ።»

«መሳቢያ ውስጥ ይቆይ» አለ።

መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

የካቲት 14

ማዶ ደወለ። «የአፈሩ ነገር አልመጣም?»

«ይመጣል» አልኩ።

ውሸት አይደለም... መጥቷልና፣ ይመጣል ቢባል...

ውሸት ነው።

የካቲት 17

ባሌ፦ «ምን ሆነሻል?» እኔ፦ «ምንም።» ባሌ፦ «ጨው ሁለቴ ጨምረሽበታል።» በላው ግን።

ለአንድ ጊዜ ደግ ነገር ለራሴ ብመኝ ምን አለበት? የእኔ ምድር ቤት፣ የእኔ ተማሪዎች። ካሜራውን ወስዶብኛል፤ አሁን ደግሞ ቤቱን?

የካቲት 20

የኮሚቴው የመጨረሻ ስብሰባ።

ሰብሳቢዋ ሁለት ደብዳቤ አነበበች። የእኛ ዩኒቨርሲቲ፦ «ሕንፃው በግቢያችን ካልቆመ ከትብብሩ እንወጣለን።» የእነሱ፦ ቃል በቃል ያው።

«ጸሐፊያችሁ አንድ ነው እንዴ?» አለች። አዳራሹ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ዛሬ ቦታ ካልተለየ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሥራ ይዞራል። እስቲ ፕሮፌሰር፣ ደብዳቤውን ይተዉልኝና... እርስዎ እንደ ባለሙያ የት ቢቆም ይላሉ?»

በመርህ ደረጃ ከሁለተኛው ረድፍ ትክ ብሎ አየኝ። ማዶ አንገቱን ደፍቶ ለክርክር ወረቀቱን ያስተካክላል። ሪፖርቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለምን ይዤው ሄድኩ? እንጃ። ጠዋት እጄ ነው የከተተው።

«ማዶ» አልኩ። «ማለቴ... ወንዝ ማዶ።»

ድምፄ ተሰነጠቀ፣ እንደ ጥቁር አፈር። ሪፖርቱን አውጥቼ አነበብኩ። ከዚያ፣ «ይሄ ከደረሰኝ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ወዲያው ማቅረብ ነበረብኝ፤ ደበቅኩት» አልኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ።

ሰብሳቢዋ ወረቀቱን ተቀብላ አገላበጠችው። «የዘገየ ቫልቭም ቫልቭ ነው» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። በደግ ተርጉሜዋለሁ።

ውጭ ደረጃው ላይ ማዶ ጠበቀኝ። ይፎክርብኛል ብዬ ነበር።

«እኔ ብሆን አላወጣውም ነበር» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «በካሜራው እናውቅሃለን።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ግማሹ ያንቺ ነበር። ያኔም አውቅ ነበር።»

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ቃል። ሲለኝ ምን እንደምመልስለት ስንቴ አዘጋጅቻለሁ፣ ዕቃ እያጠብኩ፣ አውቶቡስ እየጠበቅኩ። አንዱም ትዝ አላለኝም።

«ሻይ ትጋብዘኛለህ» አልኩት።

የካቲት 29

ምክር ቤቱ አጸደቀ! ሃያ ስምንት ለዘጠኝ። አንድ የጋራ ማዕከል፣ ወንዝ ማዶ፣ ለሁለቱም እኩል መብት። ማዕከሉን የእነሱ ዩኒቨርሲቲ ሰው ብቻ ይመራዋል ሊሉ ሲሉ ማዶ ተነሥቶ «የሥራው ኃላፊ እሷ ካልሆነች እኔን አትጥሩኝ» አለ አሉ። እኔ አልነበርኩም። ፈተና እያረምኩ ነበር። ስሰማ ለአንዱ ተማሪ ያልተገባውን አምስት ነጥብ ሰጠሁት... አልቀንስበትም።

መጋቢት 4

በመርህ ደረጃ ጠራኝ። ከትምህርት ክፍል ኃላፊነት ተነሥቻለሁ። ወንበር እንኳ አላሳየኝም። «ከዛሬ ጀምሮ» አለ። መርህ የሌለበት ዓረፍተ ነገር ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ቢሮዬን አጸዳሁ። ያማል። አስቂኝ ነገር ልጽፍበት ፈልጌ አልመጣልኝም።

ሰኔ 27

ካፕሱሏን ወሰዷት። ወፍራም በርሜል ውስጥ ከተቷት፣ አሽገው፣ አስፈርመውኝ ሄዱ። ገንዳው ውስጥ ውሃ ብቻ ቀረ። ማዶ ሳልጠራው መጥቶ ነበር። ለእሱ በጣም ከባድ እንደሆነበት አውቃለሁ፤ ዝም ማለቱ።

መስከረም 24

ዛሬ የማዕከሉ ወለል አርማታ ሊሞላ ነው። በሳምንት አራት ቀን አውቶቡስ ይዤ ወንዙን እሻገራለሁ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ። ሹፌሩ «የኒውትሮኗ» ይለኛል።

ጠዋት የኬብሉ ጉድጓድ ላይ ተጣላን። እኔ በቀኝ በኩል ይለፍ እላለሁ፣ ማዶ በግራ። እየጮህን። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ያዩናል። ፎርማኑ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ።

«ይቅርታ፣ ባልና ሚስት ናችሁ?»

«ይሰውረኝ!» አለ ማዶ።

«ባል አለኝ፤ እሱም አይሰማኝም» አልኩ።

«ታዲያ የማንን ልስማ?»

«የእሷን ስማ» አለ ማዶ። «አሥራ አንድ ዓመት ሳልሰማት ኖሬ ምን አተረፍኩ?» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ፣ የግንባታውን ሥዕል ሊያመጣ።

ሲሄድ ጉድጓዱን ደግሜ አየሁት። ከቀኝ የውሃው መስመር ያልፋል። አላስተዋልኩትም ነበር። እሱ ነው ልክ።

«በግራ አድርገው» አልኩት ፎርማኑን፣ ቀስ ብዬ።

«እርሳቸው እንዳሉት?»

«እርሳቸው እንዳሉት። አትንገራቸው ግን፤ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ማዶ ሥዕሉን ይዞ ሲመለስ ቁፋሮው በግራ ተጀምሯል። አየው። አየኝ። አፉን ከፈተ...

«ልክ ነበርክ» አልኩት ቀድሜው።

የከፈተውን አፍ ዘግቶ ሥዕሉን ጠቀለለ። አርማታው እስኪሞላ ድረስ ጎን ለጎን ቆመን አየን።